ቃሬዛ አትጠብቂ

የሲስተር ፀዳለን ሞት የሰማሁት አምደወርቅ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ከሰሃላ ፍየል እየነዳ የሚመጣ አንድ ነጋዴ አለ። ስሙን አላውቀውም፤ ፊቱን ግን ለምጄዋለሁ። ፍየሎቹን ሸጦ ጨርሶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ አጠገቤ ቆመ።

«እናንተ ዘንድ የነበረችው ነርስ፣» አለኝ፣ «አልሰማችሁም?»

«ምን ሆነች?»

«አረፈች እኮ።»

የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩ።

«በምን?»

«ነፍሰ ጡር ነበረች። ሳትወልድ ነው የሞተችው።» አንገቱን ነቀነቀ። «ደህና ነበረች እኮ! እንዲያውም ፊቷ ሞልቶ፣ እጇ ሞልቶ፣ የሰሃላ ወተት ተስማማት እያልን ነበር። አንድ ጠዋት ሰቆጣ ልሄድ ነው ብላ ተነሣች። በእግሯ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች። አሁን አንቺዬ፣ የታመመ ሰው በእግሩ ይሄዳል?»

ይሄዳል ልለው ፈለግሁ። ሲስተር ፀዳለ እኛ ጋ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ስትነግረን የኖረችው ይህንኑ አንድ ነገር ነበር።

ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በመንገዴ ላይ አላለቀስኩም። ማንን ይዤ እንደማለቅስ አላወቅሁም ነበር።

* * *

እሷ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የሰቆጣ ልጅ ናት። አጠር ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ በክረምትም በበጋም ያው የላስቲክ ጫማ ከእግሯ የማይጠፋ። አንገቷ ላይ ማተቧና የልብ ማዳመጫዋ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ስትቆጣ በአማርኛ ትቆጣለች፤ ስታባብል በአገው ቋንቋ በኽምጣና ታባብላለች። አሮጊቶቹ በኽምጣና ስታናግራቸው የቆሙበትን ጉዳይ ይረሱና የልጅ ልጆቻቸውን ስም ይቆጥሩላት ነበር።

ነፍሰ ጡር ስታገኝ መጀመሪያ ሰላም ትላለች፤ ቀጥሎ ጎንበስ ትላለች። በአውራ ጣቷ ቅልጥሟን ጫን ታደርግና ጣቷን አንሥታ ታያለች። ሥጋው ከተመለሰ «ደህና ነሽ» ብላ ታልፋለች። ጣት እንደገባበት ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ ግን ቀና ብላ ፊትሽን ታያለች፤ ያኔ ማምለጫ የለም። ይህን የምታደርገው በጤና ጣቢያው ብቻ አልነበረም። በገበያ ታደርገዋለች። በውሃ መቅጃው ታደርገዋለች። አንድ ቀን ለቅሶ ላይ አድርጋው አልቃሿ ሴት ራሷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

«ሲስተር፣» ይሏታል ሴቶቹ፣ «የሰው እግር ስትጫኚ ባል አመለጠሽ እኮ!»

«ባል እግሩ አያብጥም፤ ምን ላድርገው?» ትላለች።

እብጠት ብቻውን በሽታ ነው አትልም። እብጠቱ ወደ ደም ግፊት መለኪያው መሣሪያ የሚያደርስ መንገድ ነው ትል ነበር። እኛ ዳገት ወጥተን ነው ጤና ጣቢያው የምንደርሰው፤ ስንደርስ ልባችን ከአፋችን ሊወጣ ይደርሳል። ከእሷ በፊት የነበሩት እንደገባን ይለኩንና ግፊታችን ከፍ ቢል «ከዳገት ስለመጣሽ ነው» ብለው ይሸኙናል። እሷ ግን አግዳሚው ላይ ታስቀምጠናለች። ጀርባችንን ለግድግዳው፣ እግራችንን ለመሬቱ። ላባችን እስኪደርቅ አታናግረንም፤ እኛም እንድንናገር አትፈቅድም።

«ዝም በሉ! ይሄ መሣሪያ ወሬ አይወድም» ትላለች።

ላቡ ደርቆ፣ ትንፋሹ ረግቶ፣ ግፊቱ ካልወረደ ግን ጥፋቱ የዳገቱ አይደለም። ያን ጊዜ ሽንት ታያለች፤ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ዓይንሽ ይጨልማል ወይ፣ ከጎድንሽ ሥር ይወጋሻል ወይ ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ካላማራት የምትለው አንድ ነው።

«በእግርሽ ሂጂ። ቃሬዛ አትጠብቂ።»

ይህ አነጋገሯ ለሌላ አገር ሰው ላይገባው ይችላል። በእኛ አገር በሽታ የሚታወቀው በቃሬዛ ነው። መንደሩ የቃሬዛ ማኅበር አለው። ሰው ሲወድቅ ይጠራራሉ፣ ወንዶቹ ከእርሻም ከከብትም ይሰበሰባሉ፣ ተራ በተራ እየተቀባበሉ እስከ መኪና መንገዱ ያደርሳሉ። ደግ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን አንድ ነገር አስለመደን። ያልወደቀ ሰው አልታመመም። በእግሩ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ሥራ የሸሸች ናት፤ ወይ ሰቆጣ አምሯታል።

* * *

እኔን ያገኘችኝ በፍልሰታ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአማቴ ከእማማ ውድነሽ ጋር ሱባኤ ገብተን፣ ጠዋት ጸበል እንጠመቃለን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥሬ እንቀምሳለን። ራሴን ያመኝ ነበር። ሁሉም ራሱን ያመዋል፤ ፍልሰታ ነው። ፊቴ ደግሞ ሞልቶ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ ብሏል። ያለፈው ዓመት ዝናብ ቀርቶብን የከሳን ሰዎች ነበርን። እማማ ውድነሽ ፊቴን እያየች «ተመስገን፤ ልጄ ሥጋ ለበሰችልኝ» ትላለች።

ሲስተር ፀዳለ ለማስቀደስ መጥታ ቅዳሴው ሲያልቅ በሴቶቹ በር በኩል ዞረች። ሰላም አለችን፤ ጎንበስ አለች። አውራ ጣቷን ስታነሣ ቅልጥሜ ላይ የቀረውን ጉድጓድ እኔም አየሁት።

«እማማ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም» አለች። «ውሃ ነው።»

«ውሃስ ቢሆን? በክረምት ውሃ ማን አጥቶ!» አለች አማቴ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሳቁ።

ሲስተር አልሳቀችም። መሣሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ዋርካው ሥር አስቀምጣ ለካችኝ። ጥቂት ጠብቃ ደግማ ለካችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ፆሙ ነው» አልኳት።

«ዓይንሽስ?»

«አንዳንዴ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

«እሱም ፆሙ ነው» አለች አማቴ።

«እማማ፣» አለች ሲስተር፣ «ኧረ ፆም ይሄን ሁሉ ኃጢአት አልሠራም!»

ከዚያ ተነሥታ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ሞገስ ሄደች። እኔ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«አባ፣ ይችን ልጅ ዛሬውኑ ወደ ሰቆጣ ይላኩልኝ።»

«ታማለች?»

«ታማለች።»

«አሁን ቆማ ስትሳለም አየኋት እኮ።»

«ስለቆመች ነው አባ። ስትወድቅማ ወደ እኔ አያመጧትም፤ ወደ እርስዎ ነው። ስትንቀጠቀጥና አረፋ ስትደፍቅ ጋኔን ያዛት ብለው።»

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንደዚያ ሆነው የመጡልኝን አውቃለሁ» አሉ። «ጸበል አጠጥቻቸው፣ ቀብሬያቸዋለሁ።»

ይህን ብለው ወደ እኛ መጡ። አማቴ ሱባኤው ሳያልቅ፣ እመቤታችን ሳታርግ እንዴት ጥላ ትሄዳለች ብላ ልትነሣ ስትል እጃቸውን አነሡ።

«ውድነሽ፣ ሰቆጣም ማርያም አለች።»

«ፆሙስ፣ አባ?» አልኳቸው እኔ። እንደዚያ ሆኜም የጨነቀኝ እሱ ነበር።

«ፈትቼሻለሁ። የቀረውን እኔ እጾምልሻለሁ። ሂጂ።»

ባሌ ደሳለኝ በቅሎ ተውሶ መጣ። ሲስተር ዣንጥላዋን ይዛ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘችን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በመንገዳችን የቃሬዛው ወንዶች ከዝናብ ተጠልለው ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። አለቃቸው አያ ተፈራ ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ።

«አይ ሲስተር!» አሉ አያ ተፈራ። «ቀና ብላ በበቅሎ የምትሄድ በሽተኛ ዛሬ አየን!»

«በደንብ ይዩ፣ አያ» አለቻቸው። «ትከሻዎን አሳርፌልዎታለሁ።»

ሰቆጣ ስንደርስ ሐኪሙ ለካኝና ወዲያው አስተኙኝ። መርፌ እንደወጉኝ፣ ቤቱ እንደዞረብኝ፣ «ማርያም ማርያም» እንዳልኩ አስታውሳለሁ። ልጄን ምሕረትን ቀኗ ሳይደርስ ወለድኳት። በእፍኝ የምትያዝ ነበረች። አንዲት አስታማሚ ከጎኔ ካለው አልጋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትለኝ ሰማሁ። ይህን ቃል ለሌሎች ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ምሕረት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሲስተር ፀዳለ መጣች። ልጅቷን አቅፋ እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች።

«ይችም ደህና ናት» አለች። ቤቱ ሳቀ።

* * *

ጦርነቱ ሲመጣ ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ። አልጋውም ሄደ፣ መድኃኒቱም ሄደ፣ በሩም ተነቀለ። ሲስተር ፀዳለ ግን ከሁሉ አስቀድማ መሣሪያዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ ቤት አመጣችው። ጎታዬ ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበርነው። ቤቱ ሲፈተሽ ገብሱን ከላይ ከላይ ዘረፉ፤ ሥሩ አልደረሱም። ጊዜው ሲረጋ አወጣችው። አቧራውን እፍ አለችና «ነይ» አለችኝ፤ መጀመሪያ የለካችው እኔን ነው።

«ይሠራል» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ስትሞት እንኳ ታለቅሳለች ብዬ የማላስባት ሴት።

በዚያ ዓመት ነው የዓለሚቱ ነገር የመጣው።

ዓለሚቱ የአያ ተፈራ ምራት ናት፤ ሳቂታ፣ ከውሃ መቅጃው ድምፅዋ የማይጠፋ። ስምንተኛ ወሯ ላይ ሲስተር ቅልጥሟን ጫነች፤ አስቀመጠቻት፤ ለካቻት። ግፊቷ ዳገትም እረፍትም የማያውቅ ሆነ። አምቡላንሱ በጦርነቱ ሄዶ አልተተካም፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለዚህ የሚሰጠው መርፌ የለም። በእግሯ፣ ወይ በበቅሎ፣ ከዚያ በተገኘው መኪና ሰቆጣ መድረስ ብቻ ነው ያለው። ሲስተር ወደ አያ ተፈራ ቤት ሄደች። እነሱ ደጅ እኔም ቆሜ ነበር።

«ምራቴ ዛሬ እንጨት ለቅማ መጣች» አሉ አያ ተፈራ። «ምኗ ነው የታመመው?»

«ደሟ፣ አያ። ከውጭ አይታይም።»

«የማይታየውን አንቺ እንዴት አየሽው?»

«በመሣሪያው።»

«እሱን እንኳ ተይው። ለሁሉም ሰው ሂጂ ይላል።»

በማግስቱም ሄደች። በሦስተኛውም ሄደች። ዓለሚቱ ራሷ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እየሳቀች «ሲስተርዬ፣ ሳልታመም ብሄድ ሰው ይስቅብኛል እኮ» አለቻት።

«ይሳቅብሽ!» ብላ ጮኸችባት ሲስተር። «እየተሳቀብሽ ኑሪ! እንዲህ ሆነሽ ከቆየሽ ትሞቻለሽ።»

ያ ቃል ነው ኋላ የተያዘባት።

ዓለሚቱ ከምንጩ እንሥራዋን ሞልታ ስትነሣ ወደቀች። ስትንቀጠቀጥ ያዩዋት ሴቶች ጮኹ። የቃሬዛው ወንዶች ወዲያው ደረሱ። እንዲህ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ አያ ተፈራ ራሳቸው የፊቱን ጫፍ ይዘው ነበር። ሲስተር ከጎኗ ትሮጣለች፤ እንዳትታፈን በጎኗ አስተኟት እያለች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቃሬዛውን መሬት አወረዱት። ዓለሚቱ ከነልጇ አልፋለች።

አያ ተፈራ መጀመሪያ አላለቀሱም። ወደ ሲስተር ዞሩ።

«ትሞቻለሽ አልሻት፤ ሞተች። ሟርተኛ!»

ሐዘን ሰውን የማያናግረው የለም። ያንን ይቅር ማለት ይቻላል። ይቅር ለማለት የሚከብደው ከተስካሩ በኋላ የሆነው ነው፤ እንባው ደርቆ፣ ሰው ተረጋግቶ። ሟርተኛዋ ትነሣልን ተባለ። እርጉዝ ሴቶች እሷን ሲያዩ እግራቸውን በቀሚሳቸው መሸፈን ጀመሩ። ስብሰባ ተጠራ። የጤና ኃላፊው ከወረዳ መጣ። እኔ ምሕረትን ይዤ ሄድኩ። ከሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተነሣሁ።

«እኔን በእግርሽ ሂጂ ብላ ላከችኝ፤ ይኸው አለሁ። ልጄም ይቻትና» አልኩ።

«አንቺንማ እግዚአብሔር ማረሽ» አለኝ አንዱ።

«ዓለሚቱንስ?»

«እሷን ሲስተሯ ገደለቻት።»

እኔ እግዚአብሔር እንደማረኝ ከማንም አስበልጬ አውቃለሁ። በእሷ እጅ እንደማረኝም አውቃለሁ። እነሱ ግን የዳነውን ሁሉ ለእግዚአብሔር ሰጡ፤ የሞተችውን አንዷን ለእሷ ሰጡ። ይህ እግዚአብሔርን ማክበር አይመስለኝም።

ቄስ ሞገስ በሕይወት ቢኖሩ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ አርፈዋል። ኃላፊው «ለሕዝቡ ሰላም ሲባል» አለ። ሲስተር ፀዳለ ወደ ሰሃላ ተዛወረች። መሣሪያው የጤና ጣቢያው ንብረት ነው፣ አስረክባ ትሂድ ተባለ። ከገብስ ሥር ቀብራ ያተረፈችውን መሣሪያ ፈርማ አስረከበች።

ለመሰናበት ቤቴ መጣች። ቆሎ አቀረብኩላት፤ ዘግና ሳትበላ በእጇ ይዛው ቆየች።

«ተቀይመሽ ነው የምትሄጅው?» አልኳት።

«እኔን ይጥሉኝ፤ ግድ የለም» አለች። «መሣሪያውን ብቻ እንዳይጠሉት። የሚመጣው ሰው ይለካበት።» ከዚያ ቆሎውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ዓለሚቱን እጇን ይዤ መጎተት ነበረብኝ። ሰው ይስቅብኛል አለችኝ እኮ፣ ትርንጎ። ይኸው ሞተች እንጂ ማን ሳቀባት?»

ስትወጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ቅልጥሜን ጫነች። እርጉዝ አልነበርኩም። ልማዷ ነው።

«ደህና ነሽ» አለችኝ።

* * *

በእሷ ቦታ የመጣው ልጅ ክፉ አይደለም። ሴቶቹን ፊታቸውን አይቶ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ» ይላል። መሣሪያውስ ስለው «ንብረት ክፍል ገብቷል፤ ቁልፉ ወረዳ ሄዷል» ይለኛል። ቁልፉ እስካሁን ከወረዳ አልተመለሰም።

የሰሃላውን ነገር ቀስ በቀስ ነው የሰማሁት፤ ያ ነጋዴ በየገበያው የሚያውቀውን እየጨመረልኝ። እዚያ መምህር አግብታ ነበር። ሴቶቻችን ቢሰሙ ምን ያህል በሳቁ! የነበረችበት ጤና ኬላ መሣሪያ ነበረው፤ ጎማው የተቀደደ። ይቀየርልኝ ብላ ጠይቃለች፤ ይመጣል ተብላለች። የራሷን ቅልጥም ስትጫን ጎረቤቷ አይታት «ምን ታደርጊያለሽ?» ብትላት «ዕዳዬን አያለሁ» ብላ ሳቀች አሉ። በማግስቱ ባሏ በቅሎ ፍለጋ ሄደ። እሷ ግን በቅሎውን አልጠበቀችም፤ ከጎረቤቷ ጋር በእግሯ ወጣች። ሰዎች ያገኟታል፤ ፊትሽ እንዴት አማረ ይሏታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ቁልቁለቱ ላይ ዓይኔ ጨለመ ብላ ተቀመጠች። ቃሬዛ ሲደርስ የሚሸከመው ሬሳዋን ነበር።

ዓለሚቱ ሂጂ ብትባል አልሄደችም። ሲስተር ማንም ሳይላት ሄደች። ያስረከበችው መለኪያ በእጇ ቢኖር ሳምንት አስቀድማ አትነሣም ነበር? ይህን አስባለሁ። መልስ የለውም፤ ቢሆንም አስባለሁ።

መርዶው እንደተሰማ ጤና ጣቢያው ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው፤ የተቀበረችው ሰሃላ ነው። ሰው ሁሉ መጣ። እግራቸውን በቀሚሳቸው ይሸፍኑ የነበሩት ደረታቸውን መቱ። ሟርተኛዋ ትነሣልን ያለው ሰው «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ዞረ። አያ ተፈራ አርጅተዋል፤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና ስለ ደግነቷ ተናገሩ። ስንቶቻችንን አዋለደች አሉ። ውሸት አልነበረም። በመጨረሻ እንዲህ አሉ።

«ምን ይደረግ። እግዚአብሔር ወሰዳት።»

ያን ጊዜ ነበር አጠገቤ የተቀመጠችውን ዘማምን ያየኋት። ዘማም የባሌ ታናሽ እህት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ወደ እማማ ውድነሽ ቤት መጥታለች። ለቅሶው ሞቆ ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ እሷ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ራሴን ነው፣ እትዬ። ፀሐዩ ነው መሰለኝ።»

ጎንበስ አልኩ። በአውራ ጣቴ ቅልጥሟን ጫን አደረግሁ። ሳነሣው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

እኔ ነርስ አይደለሁም። የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ የሚቀጥለው ቁልፉ ወረዳ በሄደ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

«ተነሺ» አልኳት። «ነጠላሽን ልበሺ።»

«ወዴት?»

«ሰቆጣ።»

ለቅሶው መሐል ሁለት ሴቶች ተነሥተው ሲሄዱ ሰው ዞሮ ያያል። አያ ተፈራ ንግግራቸውን አቆሙ።

«ትርንጎ፣ ለቅሶ ረግጣችሁ ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት፣ አያ።»

«ማን ታመመ?»

«ዘማም።»

ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«ይችማ ቆማለች እኮ» አሉ።

ያሉት ነገር ለራሳቸው ጆሮ መድረሱን ከፊታቸው አየሁ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እኔም ብዙ ልላቸው የምችለው ነገር ነበረኝ፤ ዓለሚቱን አስታውሼ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ፤ እሱም ካንጀቴ ስለወጣ ነው።

«ሲስተርን እግዚአብሔር ወሰዳት አይበሉ፣ አያ። ሰሃላ የላክናት እኛ ነን።»

እማማ ውድነሽ ከተቀመጠችበት ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ጉልበቷ አይታዘዝላትም፤ ዓይኗም ደክሟል። የራሷን ወፍራም ጋቢ አውልቃ የልጇ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ሂዱ» አለች። «ሰቆጣም ማርያም አለች።»

ደሳለኝ በቅሎ ይዞ እንዲከተለን ላክሁበትና ቀድመን በእግራችን ወጣን። ከኋላችን ለቅሶው እንደገና ጀመረ። ወደ መኪና መንገዱ የሚያወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ ዘማም «እትዬ፣ ትንሽ ልረፍ» አለችኝ። ጀርባዋን ለድንጋዩ፣ እግሯን ለመሬቱ አድርጌ አስቀመጥኳት። ልታወራኝ ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት። ላቧ እስኪደርቅ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ከዚያ «ተነሺ» አልኳት፤ ተነሣች።